ስክሪኑ አረንጓዴ፣ መስኮቱ አቧራ፦ የግንባታ ብናኝ ልኬት ምን ይነግረናል?

ግንባታ ባለበት ሰፈር ሁሉ አንድ ዓይነት ክርክር እየተለመደ መጥቷል። ነዋሪው የመስኮቱን ደፍ በጣቱ ጠርጎ አቧራውን ያሳያል። ተቋራጩ በበኩሉ አጥሩ ላይ ወደ ተከለው መለኪያ ይጠቁማል፤ ስክሪኑ አረንጓዴ ነው፣ ገደቡ አልታለፈም። ስልኩ ላይ የአየር ጥራት መተግበሪያ የጫነ ሦስተኛ ሰው ሲመጣ ደግሞ ከሁለቱም የማይገጥም ሌላ ቁጥር ይጨመራል። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ስለ አቧራው መሆኑ ይቀርና ማን ዋሸ ወደሚለው ይዞራል።

አብዛኛውን ጊዜ ግን የዋሸ የለም። ሦስቱም የሚናገሩት ስለ ተለያየ አቧራ፣ ስለ ተለያየ ሰዓትና ስለ ተለያየ ቦታ ነው። ችግሩ ልኬቱ ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ሳይገለጽ ቁጥሩ ብቻውን መቅረቡ ነው። አንድ የብናኝ ቁጥር ትርጉም የሚኖረው የትኛው ብናኝ እንደተለካ፣ በምን መሣሪያ፣ ነፋሱ ከየት ሲነፍስ፣ በስንት ደቂቃ አማካይ እንደተሰላ ሲታወቅ ነው። ቁጥሩ ገደቡን ሲያልፍ ማን ምን እንደሚያደርግ ካልተወሰነ ደግሞ ይህ ሁሉ ቢታወቅም ብዙ አይጠቅምም።

አንድ ስም፣ ብዙ ብናኝ

በአንድ ቃል አቧራ የምንለው ነገር በመጠኑ እጅግ የተለያየ ነው። ባለሙያዎች የሚለኩት በማይክሮሜትር ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ለሺህ ሲከፈል አንዱ ክፍል አንድ ማይክሮሜትር ይባላል። የሰው ጠጉር ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 70 ማይክሮሜትር ነው።

ከ100 ማይክሮሜትር በላይ የሆነው ብናኝ ከባድ ስለሆነ ሩቅ አይሄድም። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ከተነሳበት ቦታ ከ6 እስከ 9 ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ ያርፋል። ከ30 እስከ 100 ማይክሮሜትር ያለው እስከ መቶ ሜትር አካባቢ ሊጓዝ ይችላል። የመስኮት ደፍ ላይ፣ መኪና ላይ፣ የተሰጣ ልብስ ላይ የሚታየው በአብዛኛው ይህ ነው።

10 ማይክሮሜትርና ከዚያ በታች ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። የአፈር ወይም የድንጋይ ቅንጣት በዚህ መጠን ከሆነ በሰከንድ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚወርደው። ከአንድ ፎቅ ከፍታ መሬት እስኪነካ ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ በእነዚያ ደቂቃዎች ቀለል ያለ ነፋስ እንኳ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሊወስደው ይችላል። በዓይን ነጥሎ ማየትም አይቻልም። ይህ ቡድን ፒኤም 10 ይባላል፤ ፒኤም የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ሲሆን ብናኝ ቁስ እንደማለት ነው። ከ2.5 ማይክሮሜትር በታች ያለው ደግሞ ፒኤም 2.5 ይባላል። ፒኤም 10 አፍንጫንና ጉሮሮን አልፎ ወደ አየር ቧንቧ ይገባል፤ ፒኤም 2.5 እስከ ሳንባ ጥልቅ የአየር ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባደሰው መመሪያ ለፒኤም 10 የ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ውስጥ 45 ማይክሮግራም፣ የዓመት አማካይ 15 እንዳይበልጥ መክሯል። ለፒኤም 2.5 ቁጥሮቹ 15 እና 5 ናቸው። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ከዚህ በኋላ የአየር ብናኝ ቁጥር ስጠቅስ ሁልጊዜ ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ ማለቴ ነው።

የመጀመሪያው አለመግባባት የሚነሳው ከዚህ ነው። ነዋሪው የሚያሳየው አቧራ ትልቁ፣ የሚታየውና በቀናት የተጠራቀመው ነው። ስክሪኑ የሚያሳየው ትንሹ፣ የማይታየውና አሁን በአየር ላይ ያለው ነው። መስኮቱ ቆሽሾ ስክሪኑ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል፤ መስኮቱ ንጹሕ ሆኖ ስክሪኑ ቀይ ሊሆንም ይችላል። ከዚህ ተነስቶ “የሚታየው አቧራ አይጎዳም” ማለት ግን ስህተት ነው። ትልቁም ትንሹም የሚወጡት ከአንድ ጎማ ሥርና ከአንድ መጋዝ ጥርስ ነው፤ የሚታይ ደመና ባለበት የማይታየውም አብሮ አለ። ከዚህም ሌላ፣ ቤትን በየቀኑ ደጋግሞ መወልወልና መስኮት ዘግቶ መዋል በሽታ ባይሆንም እውነተኛ ጉዳት ነው።

አቧራው ከየት ይነሳል?

ማፍረስ፣ ቁፋሮ፣ ኮንክሪት መቁረጥ፣ አሸዋና ጠጠር ማራገፍ፣ የተከመረ አፈር፤ እነዚህን ማንም ያውቃቸዋል። ሁለት ምንጮች ግን የሚገባቸውን ያህል አይነሱም።

አንደኛው ያልተነጠፈው የሳይት ውስጥ መንገድ ነው። የገልባጭ መኪና ጎማ በሄደ ቁጥር አፈሩን እየፈጨ ያልማል፤ ከመኪናው ኋላ የሚፈጠረው የአየር ሽክርክሪት ደግሞ የላመውን ያነሳዋል። ፍጥነት ሲጨምር የሚነሳው አቧራም ይጨምራል። ስለዚህ በሳይት ውስጥ ፍጥነትን መገደብ ያለ ምንም መሣሪያ ውጤት የሚሰጥ እርምጃ ነው።

ሁለተኛው ጎማ ላይ ተጣብቆ ወደ ዋናው መንገድ የሚወጣው ጭቃ ነው። መንገዱ ላይ ይራገፋል፣ ይደርቃል፣ ከዚያም ከግንባታው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው መኪና ሁሉ ሲያልፍበት ይፈጨዋል። አቧራው የሚነሳው ከአጥሩ በመቶዎች ሜትር ርቀት ላይ ሊሆን ይችላል። አጥሩ ላይ ያለው መለኪያ አያየውም፤ ተቋራጩም የእኔ ነው ብሎ አያስበውም። በር ላይ የጎማ ማጠቢያ የሚሠራው ለዚህ ነው።

የተለመደው መፍትሔ ውሃ ማርከፍከፍ ነው፤ ይሠራልም። ውሃ ትንንሾቹን ቅንጣቶች እርስ በርስና ከትልልቆቹ ጋር ያጣብቃል። ነገር ግን ፀሐይና ነፋስ ባለበት መሬቱ ቶሎ ይደርቃል። ሲበዛ ደግሞ ጭቃ ይሆናል፤ ጭቃውም በጎማ ወጥቶ ነገ የመንገድ አቧራ ሆኖ ይመለሳል። ውሃ ጫኚው መኪና በቀን ሁለት ጊዜ በሰዓቱ መዞሩ ሳይሆን መሬቱ ሊደርቅ ሲል መድረሱ ነው ቁም ነገሩ። ያንን ጊዜ ከሚያሳውቁት ነገሮች አንዱ በቀጥታ የሚያነብ የብናኝ መለኪያ ነው።

መለኪያዎቹ እንዴት ይሠራሉ?

ከሁሉ የሚታመነው ዘዴ ከሁሉ የቀለለ ሐሳብ አለው፤ አየሩን በማጣሪያ ወረቀት ማሳለፍና ወረቀቱን በፊትና በኋላ መመዘን። ፓምፑ አየሩን በተወሰነ ፍጥነት ይስባል፤ ከፊቱ ያለው መግቢያ ከ10 ወይም ከ2.5 ማይክሮሜትር በላይ የሆነውን ያስቀራል። በአውሮፓ መደበኛ ዘዴ ፓምፑ በሰዓት 2.3 ሜትር ኪዩብ አየር ለ24 ሰዓት ይስባል። ወረቀቱ የሙቀትና የእርጥበት መጠኑ በተስተካከለ ክፍል ውስጥ ከቆየ በኋላ ይመዘናል፤ ምክንያቱም ወረቀቱ ራሱ የሚስበው እርጥበት ከብናኙ ክብደት ጋር የሚወዳደር ነው። ውጤቱ አስተማማኝ ነው፤ ግን የሚደርሰው ከቀናት በኋላ ነው። ዛሬ የተነሳውን ደመና ለማስቆም አይረዳም።

በቤታ ጨረር የሚሠራው መለኪያ መካከለኛ መንገድ ይዟል። ብናኙ በጥቅልል ወረቀት ላይ ያርፋል፤ ከአነስተኛ የጨረር ምንጭ የሚወጣው ቤታ ጨረር በወረቀቱ ሲያልፍ ምን ያህል እንደተቀነሰ ይታያል። ብናኙ በበዛ ቁጥር የሚያልፈው ጨረር ያንሳል። ብዙውን ጊዜ በየሰዓቱ አንድ ንባብ ይሰጣል። የከተማ የአየር ጥራት ጣቢያዎች በብዛት ይጠቀሙበታል፤ ለግንባታ አጥር ግን ግዙፍና ውድ ነው።

አጥር ላይ የምናየው አብዛኛው መሣሪያ ብርሃን የሚጠቀም ነው። አየሩ በጨረር ፊት ያልፋል፤ ቅንጣቶቹ ብርሃኑን ይበትኑታል፤ መሣሪያው የተበተነውን ብርሃን ቆጥሮ ክብደቱን ይገምታል። በየደቂቃው፣ አንዳንዱም በየሰከንዱ ያነባል። እዚህ ላይ “ይገምታል” የሚለው ቃል ሊሰመርበት ይገባል። ብርሃን ክብደትን አይመዝንም፤ መሣሪያው ስለ ቅንጣቶቹ ቅርፅ፣ ቀለምና እፍጋት የያዘው ግምት አለ። አንዳንድ ሞዴሎች ከፋብሪካ ሲወጡ የሚስተካከሉት የአሪዞና መንገድ አቧራ በሚባል መደበኛ ናሙና ነው። የአንድ ሳይት አቧራ የሲሚንቶ፣ የጡብ ወይም የቀይ አፈር ድብልቅ ከሆነ ንባቡ ከእውነቱ በብዙ ሊርቅ ይችላል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ብርሃን የሚጠቀመውን መሣሪያ ማጣሪያ ወረቀት ካለው ጎን አቁሞ ለተወሰኑ ቀናት አብረው እንዲለኩ ማድረግ፣ ከዚያም የሁለቱን ልዩነት እንደ ማረሚያ ቁጥር መጠቀም። ይህ ማረሚያ ያልተሠራለት ስክሪን አቧራው ጨመረ ወይስ ቀነሰ የሚለውን በደንብ ይናገራል፤ ስንት ነው የሚለውን ግን አይናገርም።

እርጥበት ሌላው ፈተና ነው። አየሩ ሲረጥብ፣ በተለይ አንጻራዊ እርጥበቱ ከ70 በመቶ ሲያልፍ፣ በአየር ላይ ያሉ ጨዋማ ቅንጣቶች ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ፤ ጭጋግም ራሱ ብርሃን ይበትናል። በማለዳ ጭጋግ፣ ገና አንድ ሠራተኛ ሳይገባ፣ የሚጮኸው ማንቂያ ከዚህ የሚመጣ ነው። ሻል ያሉት መሣሪያዎች አየሩን አሙቀውና አድርቀው ያስገባሉ። የድንጋይና የአፈር ብናኝ ሲሞቅ የማይተን በመሆኑ ለግንባታ አቧራ ይህ ዘዴ ብዙም አያጓድልም።

ወደ ስልኩ መተግበሪያ ስንመጣ፣ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ካለ ጣቢያ ወይም ከኮምፒውተር ስሌት የተወሰደ ነው፤ ስለ ሰፈሩ አጠቃላይ አየር እንጂ ስለዚያ አጥር አይናገርም። ቤት ውስጥ የሚሰቀሉት ርካሽ ዳሳሾች ሌላ ድክመት አላቸው። ትንሿ ማራገቢያቸው ከባዱን ቅንጣት ጎትታ ማስገባት አትችልም፤ ስለዚህ ፒኤም 10 ብለው የሚጽፉት ቁጥር በአብዛኛው ከትንንሾቹ ተነስቶ የተሰላ ግምት ነው። የግንባታ አቧራ ደግሞ አብዛኛው ከ2.5 በላይ ነው። ያልተነጠፈ መንገድ ከሚያስነሳው ፒኤም 10 ውስጥ የፒኤም 2.5 ድርሻ 10 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ደመናው በዓይን እየታየ ዳሳሹ ዝም ሊል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚሁ እውነታ የሚገኝ ጥሩ መመርመሪያም አለ። ፒኤም 10 አሻቅቦ ፒኤም 2.5 ባለበት ከቀረ፣ ምንጩ መቁረጥ፣ መቆፈር ወይም የመኪና መንገድ ነው። ሁለቱም አብረው ከወጡ ጭስ ነው፤ የጄኔሬተር፣ የማሽን ወይም ከሰፈሩ የመጣ እሳት። የናፍጣ ጭስ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ጋር ተመድቧል፤ ስለዚህ “አቧራ አይደለም፣ ጭስ ነው” የሚለው መልስ ነገሩን የሚዘጋ አይደለም።

ለመስኮቱ አቧራስ? ለእሱ የተለየ ዘዴ አለ። አፉ የተከፈተ ሳህን ወይም ማሰሮ መሰል ዕቃ ለአንድ ወር ያህል ከቤት ውጪ ይቆማል፤ የወረደበት አቧራ ደርቆ ይመዘናል፤ ውጤቱ በአንድ ካሬ ሜትር በቀን ስንት ሚሊግራም ወረደ ተብሎ ይገለጻል። በጀርመን የአየር መመሪያ ገደቡ 350 ሚሊግራም ነው። በብሪታኒያ ሕግ ባይሆንም በልማድ 200 ሚሊግራም የቅሬታ ደረጃ ተደርጎ ሲያገለግል ቆይቷል። ዕቃው ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ርካሽ ነው፤ ነዋሪው በጣቱ የሚያሳየውን ነገር በቀጥታ የሚለካውም እሱ ነው። ስክሪን የሌለው በመሆኑ ብቻ መዘንጋቱ ያሳዝናል። ቅሬታው ስለ መስኮት ሆኖ ሳለ ምላሹ ስለ ፒኤም 10 የሚሆነው አንድም በዚህ የተነሳ ነው።

ነፋሱ ከየት፣ መለኪያው የት?

አንድ መለኪያ ብቻውን የሚያነበው ድምሩን ነው፤ ከሳይቱ የወጣውንና ከሌላ ቦታ የመጣውን አይለይም። ልዩነቱን ለማወቅ ቢያንስ ሁለት መለኪያ ያስፈልጋል፤ አንዱ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል፣ ሌላው ነፋሱ በሚሄድበት በኩል። የሁለቱ ልዩነት ነው የሳይቱ ድርሻ። በሎስ አንጀለስና አካባቢው የሚሠራበት ደንብ 403 የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው፤ በሁለቱ በኩል በአንድ ጊዜ የሚወሰደው የፒኤም 10 ናሙና ልዩነት ከ50 ማይክሮግራም እንዳያልፍ ያዝዛል። የሰፈሩ አየር ከመጀመሪያውም መጥፎ ቢሆን ተቋራጩ የሚጠየቀው በጨመረው ብቻ ነው። ይህ አሠራር ፍትሐዊ ይመስለኛል፤ ለሁለቱም ወገን።

ነገር ግን ነፋስ አቅጣጫውን ይለውጣል። ጠዋት ንጹሕ አየር የሚያነበው መለኪያ ከሰዓት በኋላ የአቧራው ተቀባይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የነፋስ አቅጣጫና ፍጥነት መለኪያ አብሮ ካልተተከለ የብናኙ ቁጥር ግማሽ መረጃ ነው። ሳይቱ ጠባብ ሆኖ በረጃጅም ሕንፃዎች ሲከበብ ደግሞ ነፋሱ በግድግዳዎቹ መሀል ይዞራል፤ በጣሪያ ላይ ያለ መለኪያ የሚነግረው አቅጣጫ መሬት ላይ ካለው ሊለይ ይችላል።

መግቢያው ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ አካባቢ፣ ከግድግዳ፣ ከዛፍና ከጄኔሬተር ጭስ የራቀ መሆን አለበት። ከአጥሩ ማዕዘን ሁሉ ደግሞ ቅድሚያ የሚሰጠው ለትምህርት ቤት፣ ለሕክምና ተቋም፣ ለአረጋውያን መኖሪያ ቅርብ ለሆነው ነው። ሥራው ሲሸጋገር መለኪያውም መሸጋገር አለበት። መሠረት ሲቆፈር የተመረጠው ቦታ የውጪ ግድግዳ ሲቆረጥ ትክክለኛው ላይሆን ይችላል።

ከሁሉ በፊት ደግሞ መለካት የሚጀመረው ሥራው ሳይጀመር ነው። የብሪታኒያ የሙያ መመሪያ ከተቻለ ከሦስት ወር በፊት እንዲጀመር ይመክራል። የቀድሞው አየር ሳይለካ ከቀረ በኋላ የሚመጣው ክርክር ሁሉ መነሻ የሌለው ይሆናል፤ ተቋራጩ “ድሮም እንዲህ ነበር” ሲል የሚያስተባብለው፣ ነዋሪው “ድሮ ንጹሕ ነበር” ሲል የሚመሰክርለት ቁጥር አይኖርም።

አማካይ የሚሸሽገው

ከሁሉ በላይ አለመግባባት የሚፈጥረው የአማካይ ስሌት ነው። አንድ ምሳሌ እንሥራ። የሰፈሩ የተለመደ የፒኤም 10 መጠን 20 ነው እንበል። ረፋድ ላይ ኮንክሪት በደረቁ ለ15 ደቂቃ ተቆረጠ፤ በነዚያ 15 ደቂቃዎች መለኪያው 2,340 አነበበ። ከዚያ ሥራው ቆመና አየሩ ወደ 20 ተመለሰ።

የ15 ደቂቃው አማካይ 2,340 ነው። የዚያ ሰዓት አማካይ፣ ቀሪው 45 ደቂቃ 20 ስለነበር፣ 600 ይሆናል። የ24 ሰዓቱ አማካይስ? 23 ሰዓት በ20፣ አንድ ሰዓት በ600፤ ሲካፈል 44 ገደማ። ከዓለም ጤና ድርጅት የ45 ገደብ በታች ነው። አንድ ድርጊት፣ አንድ መሣሪያ፣ ሦስት ትክክለኛ ቁጥሮች። ነዋሪው ያየው የመጀመሪያውን ነው፤ በወሩ ሪፖርት ላይ የሚጻፈው ሦስተኛው ሊሆን ይችላል።

የ24 ሰዓት አማካይ ሐሰት አይደለም። የተሠራው ግን ለሌላ ዓላማ ነው፤ የአንድን ሰፈር ሕዝብ ጤና በቀናትና በዓመታት ለመከታተል። ሥራ ለመምራት ያጠረ አማካይ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው በብሪታኒያ ለግንባታ አጥር በ15 ደቂቃ 250 የሚል የማንቂያ ደረጃ ሲሠራበት የቆየው፤ የአየር ጥራት ባለሙያዎች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ደግሞ ወደ አንድ ሰዓት አማካይና ወደ 190 ለውጦታል። አጭሩ አማካይ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አንድ መኪና ከመለኪያው ሥር ስላለፈ ብቻ ይጮኻል። የሰዓቱ አማካይ የውሸት ማንቂያ ይቀንሳል፤ ግን እስኪጮኽ ድረስ ሥራው ሊያልቅ ይችላል። ብዙ ሳይቶች ሁለቱን ደርበው ይጠቀማሉ፤ አጭሩ ለማስጠንቀቂያ፣ ረዘም ያለው ለማስቆሚያ።

እነዚህ የማንቂያ ደረጃዎች የጤና ገደብ እንዳልሆኑም መታወቅ አለበት። 190 “እስከዚህ ድረስ አይጎዳም” ማለት አይደለም። “እዚህ ሲደርስ አንድ ነገር ከቁጥጥር ወጥቷል፣ ሂዱና እዩ” ማለት ነው። ተቋራጭ በ185 ላይ ተቀምጦ ደንቡን አክብሬያለሁ ሲል የማንቂያውን ዓላማ ስቶታል።

ገደቡ ሲታለፍ

መለኪያው መልእክት ላከ። ለማን? በብዙ ቦታ መልእክቱ የሚደርሰው ቢሮ ላለ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ነው፤ እሱም ነገ ለስብሰባ ያቀርበዋል። መጋዙ ግን አሁን ነው እየዞረ ያለው። ልኬት ከጌጥነት የሚወጣው መልእክቱ ሳይት ላይ ላለ፣ ሥራ የማስቆም ሥልጣን በጽሑፍ ለተሰጠው ሰው ሲደርስ ነው። ይህ ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ነው፤ የመሣሪያው ጥራት እንኳ ከዚህ ቀጥሎ ነው የሚመጣው።

ሆንግ ኮንግ ለዚህ የሚጠቀስ አሠራር አላት። ለትልልቅ ግንባታዎች ሁለት ደረጃ ይቀመጣል፤ አንዱ የእርምጃ ደረጃ፣ ሌላው የገደብ ደረጃ። ለጠቅላላው ተንሳፋፊ ብናኝ፣ ማለትም ከፒኤም 10 የሚተልቀውም ተጨምሮ፣ የገደብ ደረጃው በአንድ ሰዓት አማካይ 500፣ በ24 ሰዓት አማካይ 260 ነው። ከቁጥሮቹ ይልቅ የሚጠቅመው ግን አብሮ የሚጸድቀው ሠንጠረዥ ነው፤ አንድ ጊዜ ሲታለፍ፣ በተከታታይ ሲታለፍ፣ ተቋራጩ ምን ያደርጋል፣ ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ ምን ያደርጋል፣ የልኬት ቡድኑ ምን ያደርጋል የሚለው አስቀድሞ ተጽፏል። ማንቂያው ሲጮኽ የሚጀመር ድርድር የለም።

ሌላው በቀላሉ የሚዘነጋ ነገር የሥራ ማስታወሻ ነው። በስንት ሰዓት ምን ተቆረጠ፣ የት ተቆፈረ፣ ውሃ መቼ ተረጨ የሚል ዕለታዊ መዝገብ ከብናኙ ቁጥር ጎን ካልተቀመጠ፣ የወሩ ግራፍ ወጣ ገባ መስመር ብቻ ነው። ሲቀመጥ ግን ብዙ ይናገራል። ለምሳሌ ማታ ሥራ ከቆመ በኋላ የሚታይ ከፍታ የአፈር ክምር አለመሸፈኑን ወይም ከሳይቱ ውጪ ሌላ ምንጭ መኖሩን ያመለክታል።

ሁለቱ ወገኖች ምን ይላሉ?

ተቋራጮች የሚያነሱት ነጥብ መሠረት አለው። ከሩቅ በነፋስ የመጣ አቧራ፣ የሰፈር ጭስና የጠዋት ጭጋግ የእነሱ ጥፋት አይደለም፤ በእነዚህ ሰበብ ሥራ ሲቆም የሚከስሩት እነሱ ናቸው። መልሱ ግን መለኪያን መቀነስ ሳይሆን ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ተጨማሪ መትከል ነው። ንጹሕ የሆነን ተቋራጭ ከሌላ ሰው አቧራ ነጻ የሚያወጣው ማስረጃ ይኸው ነው።

ነዋሪዎች የሚያነሱት ደግሞ የሚለካው፣ የሚያርመው፣ ሪፖርቱን የሚጽፈውም አቧራውን የሚያስነሳው ወገን ራሱ ነው የሚል ነው። ይህ በቅን ሰው እጅ ላይ እንኳ ችግር ነው። የማረሚያ ቁጥሩ በጥቂት ሲቀየር፣ መለኪያው ሁለት ሜትር ወደ ጥግ ሲገፋ፣ “ያልተለመደ ንባብ” ተብሎ አንድ ከሰዓት ሲሰረዝ ሪፖርቱ ይለወጣል። ስለዚህ ያልታረመው ጥሬ ንባብ ሳይጠፋ መቆየት፣ ማረሚያውን ሌላ ወገን መፈተሽ፣ የተሰረዘው ሁሉ ከነምክንያቱ መመዝገብ ይኖርበታል።

ቁጥሩ በቀጥታ ለሕዝብ ይታይ ወይ የሚለው ላይ ባለሙያዎች ይለያያሉ። የሚቃወሙት ያልተጣራ ንባብ ያለ ምክንያት ሰው ያስደነግጣል ይላሉ፤ የጭጋጉ ምሳሌ ይደግፋቸዋል። እኔ የማዘነብለው ግን ወደ ማሳየቱ ነው፤ የነፋሱ አቅጣጫ፣ የእርጥበቱ መጠንና የሌላኛው መለኪያ ንባብ አብረው ይታዩ። የተደበቀ ቁጥር የሚያስከትለው ጥርጣሬ ከጭጋግ ማንቂያ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው።

አጥር ውስጥ ያለው ሳንባ

እስካሁን ያወራነው አጥሩ ላይ ስላለው መለኪያና ከአጥሩ ማዶ ስላለው ነዋሪ ነው። ከፍተኛውን አቧራ የሚተነፍሰው ግን መጋዙን የያዘው ሠራተኛ ነው። አጥሩ ጋ ሲደርስ የተበተነው ደመና ከእሱ ፊት የተነሳው ነው።

ለእሱ የሚያሰጋው በተለይ ሲሊካ ነው፤ በአሸዋና በብዙ ድንጋዮች ውስጥ ያለ ማዕድን። በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ከ70 እስከ 90 በመቶ፣ በኮንክሪትና በሞርታር ከ25 እስከ 70 በመቶ ሊደርስ ይችላል፤ በኖራ ድንጋይ ግን ብዙውን ጊዜ ከ2 በመቶ አይበልጥም። የላመው ሲሊካ ሳንባ ውስጥ ጠባሳ ይፈጥራል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል፤ ጠባሳውን መልሶ የሚያጠፋ ሕክምና የለውም። ሲሊካ እ.ኤ.አ. በ1997 ካንሰር አምጪ ተብሎም ተመድቧል። እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ በሆክስ ኔስት ዋሻ ሲሊካ የበዛበት ዓለት በደረቁ ሲፈለፈል ያለቁትን ሠራተኞች ቁጥር በኋላ ጉዳዩን የመረመረው የምክር ቤት ችሎት 476 አድርሶታል።

አጥር ላይ ያለው ስክሪን ሲሊካን ከሌላ አቧራ አይለይም፤ ብርሃን የድንጋዩን ዓይነት አይነግረውም። ሠራተኛውን ለመለካት ትንሽ ፓምፕ ወገቡ ላይ ይታሰራል፤ የአየር መግቢያው ከአፍና ከአፍንጫው በ30 ሴንቲሜትር ውስጥ ኮሌታው ላይ ይሰካል፤ ማጣሪያው ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ደንብ የ8 ሰዓት አማካዩ ከ50 ማይክሮግራም እንዳያልፍ ወስኗል፤ 25 ሲደርስ ክትትል ይጀመራል። ይህ ሲሊካ ብቻውን ነው፣ ጠቅላላ አቧራው አይደለም።

በዚያው ደንብ ውስጥ ለግንባታ የተለየ አማራጭ አለ። 18 የሥራ ዓይነቶች በሠንጠረዥ ተዘርዝረዋል፤ ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገው መከላከያ ተጽፏል። አሠሪው የተጻፈውን ሙሉ በሙሉ ከፈጸመ ለዚያ ሥራ የአየር ልኬት እንዲያደርግ አይገደድም። ለምሳሌ በእጅ የሚያዝ የኮንክሪት መጋዝ ምላጩ ላይ ያለማቋረጥ ውሃ የሚያፈስ መሆን አለበት፤ ደጅ ላይ ከ4 ሰዓት በላይ ሲሠራበት፣ ቤት ውስጥ ሲሆን ደግሞ ለአጭር ጊዜም ቢሆን፣ የመተንፈሻ መከላከያ ይጨመራል። ለመለካት ይወጣ የነበረው ጊዜና ገንዘብ ወደ ውሃው ይሄዳል። የላቦራቶሪው ውጤት የሚመጣው ሠራተኛው ወደ ሌላ ሳይት ከሄደ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ምላጩ ላይ የሚወርደው ውሃ ግን አቧራውን የሚይዘው መጋዙ ኮንክሪቱን በነካበት ቅጽበት ነው።